ሮቦት ወይስ ካሜራ? ለአባባ ቀዶ ጥገና የቱ ይሻላል

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ከአሰላ ሊጠይቀን ሜሪላንድ መጥቶ ሳለ ምግብ አልወርድ አለው። ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ሲደረግለት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ተባለ፣ ስኳመስ የሚሉት ዓይነት፣ ደረቱ መሃል ላይ። አምስት ሳምንት ኬሞና ጨረር ወስዶ ጨርሷል። የቀረው ቀዶ ጥገናው ነው። አንዱ ሆስፒታል በሮቦት ነው የምንሠራው አለን። ሌላው ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ፣ ያለ ሮቦት አለን። አባቴ ‹ማሽን አይነካኝም› ብሏል። ወንድሜ ሮቦት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። የቱ ይሻላል?»

እህቴ፣ እንኳን ኬሞና ጨረሩን በሰላም ጨረሱ። እሱ ራሱ ቀላል አይደለም።

የደረት ቀዶ ሐኪም ነኝ። በካሜራውም በሮቦቱም እሠራለሁ፤ ስለዚህ የማሻሽጠው ዕቃ የለኝም።

ከአባባ ልጀምር። እውነታቸውን ነው፣ ማሽን ብቻውን አይነካቸውም። ሮቦት የሚለው ስም ነው ሰውን የሚያሳስተው። ራሱ አስቦ ራሱ የሚቆርጥ ብረት ይመስለናል። ብዙ ሆስፒታል ውስጥ የምታገኚው ዳ ቪንቺ የሚባለው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ የተፈቀደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በራሱ ፈቃድ አንዲት ሚሊሜትር አይንቀሳቀስም። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከበሽተኛው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ከሥር ያሉትን ፔዳሎች በካልሲ ስረግጣቸው ነው ደህና የምለያቸው። ግንባሬን አስደግፌ ወደ ውስጥ ሳይ ደረታቸው ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ፤ ሁሉም ነገር ጎላ ብሎ፣ ጥልቀቱ ሳይቀር ይታያል። ሁለት ጣቴን ሳገጥም ውስጥ ያለችው መቆንጠጫ ትገጥማለች። ግንባሬን ቀና ካደረግኩ እጆቹ ባሉበት ይቆማሉ። አጠገባቸው ደግሞ ሌላ ባለሙያ ቆሞ መሣሪያ ይቀይራል፣ ደም ይመጥጣል፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ማሽኑን ገፋ አድርጎ ቦታውን ይለቅልኛል።

በካሜራ የሚሠራውስ? ቀዳዳው ያው ትንሽ ነው፣ ካሜራም በሁለቱም አለ። ልዩነቱ መሣሪያው ላይ ነው። ያለ ሮቦት ሲሠራ ቀዶ ሐኪሙ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ በጎድን አጥንት መሃል የገቡ ረጃጅም ቀጥ ያሉ መሣሪያዎችን በእጁ ይዞ ነው የሚሠራው። የእንስራ ሥሩን በአፉ በኩል በረጅም እንጨት ለማጠብ ሞክረሽ ታውቂያለሽ? እጅሽ ወደ ቀኝ ሲሄድ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ጥግ ጥጉ አይደረስም። እንደዛ ነው። የሮቦቱ መሣሪያ ግን ጫፉ ላይ አንጓ አለው፣ እንደ ሰው እጅ ይታጠፋል። የእጅ መንቀጥቀጥንም ያጣራል። የሚያጎድለው ደግሞ መዳሰስን ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽ ክር ስታጠብቂ ምን ያህል እንደሳብሽ እጅሽ አይነግርሽም ነበር። ሲጀምረኝ ስንቱን ክር በጠስኩ! ቀስ በቀስ ዓይን የእጅን ሥራ ይለምዳል፤ ሥጋው ሲነጣ፣ ክሩ ሲወጠር አይተሽ ታውቂያለሽ። በ2024 የተፈቀደው አዲሱ ሞዴል ጉልበቱን መልሶ ለእጅ የሚያሰማ መሣሪያ ይዞ መጥቷል፣ ግን ሁሉም ጋ ገና አልደረሰም።

ውስጥ የሚሠራው ሥራ በሁለቱም አንድ ነው። ለአባትሽ ዓይነት በሽታ ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ነው የሚነካው። ደረት ውስጥ ቧንቧው ከልብ፣ ከሳንባና ከትልቁ የደም ሥር አጠገብ ተላቆ በዙሪያው ካሉት ንፍፊቶች ጋር ይወጣል። ሆድ ውስጥ ጨጓራው ተከርክሞ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ያ ቱቦ ወደ ላይ ተስቦ አንገት ላይ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይሰፋል። «በቀዳዳ» ስለተባለ ጭረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከውስጥ የሚሠራው ያው ከባዱ ቀዶ ጥገና ነው፣ አንገት ላይም ምላጭ አለ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ሮቦት የጎንዮሽ ችግር ይቀንሳል የሚል ነገር አንብቦ ይሆናል። ትክክል ነው፣ ግን ከምን ጋር ተወዳድሮ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዱሮ ይህ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ደረት ተከፍቶ፣ የጎድን አጥንት በብረት ተፈልቅቆ ነበር፤ ብዙ ቦታ ዛሬም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው መተንፈስ ያመዋል። ስለሚያመው አይስልም፣ ስለማይስል አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በካንሰሩ ሳይሆን በዚህ ነበር። በ2012 የወጣ፣ ኔዘርላንድስን ጨምሮ አውሮፓ ውስጥ የተሠራ ጥናት 115 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ደረታቸው ከተከፈተው ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 29 ከመቶው ሳንባቸው ተመረዘ። በካሜራ ከተሠሩት 9 ከመቶው ብቻ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ሆዱን ብቻ በካሜራ ሠርተው ደረቱን ከፍተው ሞከሩት፣ ውጤቱ በ2019 ታተመ። እሱ ብቻውን ከባድ ችግሮችን ከ64 ወደ 36 ከመቶ አወረደ። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድሷ ዩትሬክት የሮቦቱን ውጤት አወጣች፦ ችግር የገጠማቸው ሰዎች በሮቦት 59፣ በተከፈተ ደረት 80 ከመቶ።

አየሽ? ሮቦቱ ያሸነፈው የተከፈተ ደረትን ነው። ካሜራውም ያሸነፈው ያንኑ ነው። ለእናንተ የቀረቡት ሁለቱ ምርጫዎች ደግሞ ሁለቱም አሸናፊዎች ናቸው። ትልቁን ወንዝ ተሻግራችኋል፣ የቀረው የቦይ ያህል ነው። አንዱ ሆስፒታል «ደረታቸውን እንከፍታለን» ብሎ ቢሆን ኖሮ ምላሼ ሌላ ይሆን ነበር።

ሁለቱ ራሳቸው ሲወዳደሩስ? ለአባትሽ በጣም የሚቀርበው ጥናት ቻይና ውስጥ የተሠራው ነው፣ ምክንያቱም በሽተኞቹ ሁሉ የእሳቸው ዓይነት፣ ስኳመስ ነበሩ። 358 ሰዎች፣ ልምድ ባላቸው ሐኪሞች እጅ፣ ውጤቱ 2022 ላይ ታተመ። ሮቦቱ 204 ደቂቃ ገደማ ወሰደ፣ ካሜራው 245። ጥናቱን ከማንበቤ በፊት ሮቦት ሁልጊዜ ይዘገያል ብዬ ነበር የማስበው፤ ልምድ ያለው ሰው እጅ ላይ ግን እንደዛ አልሆነም። የገጠሙ ችግሮች ግን አልተለያዩም፦ ከሮቦቱ 48.6፣ ከካሜራው 41.8 ከመቶ፣ ልዩነቱ በዕድል ሊመጣ የሚችል ዓይነት ነው። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱትም በሁለቱም ከመቶ አንድ ሰው አይሞሉም።

ሮቦቱ ለየት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ምክንያቱም የአባባ ጉዳይ የሚነካው ይህን ነው።

ድምፃችንን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ነርቮች አሉ። የግራው መንገዱ ያስገርማል። ከአንገት ወደ ደረት ይወርዳል፣ በትልቁ የደም ሥር ቅስት ሥር ይዞራል፣ ከዚያ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ባለው ስርጥ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ውፍረቱ የጥለት ክር ቢያክል ነው። ስኳመስ የሚባለው ካንሰር ደግሞ በዚህ ነርቭ ዳር ዳር ባሉ ንፍፊቶች መሸሸግ ይወዳል። ስለዚህ ንፍፊቶቹን ማውጣት አለብሽ፣ ነርቩን ግን መሳብም ማቃጠልም የለብሽም። ቦታው ጠባብ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ከላይ ልብ ሲመታ ሁሉም ነገር አብሮ ይነቃነቃል። ቀጥ ባለ መሣሪያ ስትሠሪ የአየር ቧንቧውን ገፋ አድርጎ የሚይዝልሽ ጎበዝ ረዳት ያስፈልጋል፣ ረዳቱ ሲደክመው አንቺም ይጨልምብሻል። ሮቦቱ ላይ ያንን አራተኛው እጅ ይይዝልሻል፤ እሱ አይደክመውም፣ ምሳ ሰዓትም የለውም።

ቁጥሮቹም ይህን ነው የሚሉት። በቻይናው ጥናት በዚህ ቦታ ያሉትን የግራ ንፍፊቶች አሟልቶ ማውጣት በሮቦት 79.5፣ በካሜራ 67.6 ከመቶ ተሳካ። ታይዋንና ቻይና ውስጥ ይህንኑ ነርቭ ብቻ ዒላማ አድርጎ የተሠራ ሌላ ጥናትም አለ። እዚያ ደግሞ 88 ለ69 ሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የግራ የድምፅ ነርቭ መስነፍም በሮቦቱ 20፣ በካሜራው 34 ከመቶ ነበር። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። የድምፅ ነርቭ ሲሰንፍ ድምፅ መሻከር ብቻ አይደለም፣ ሰውየው የሚጠጣው ውሃ ወደ ሳንባው ይሄዳል፣ ሳሉም ጉልበት ያጣል።

ታዲያ ሮቦቱን ልምረጥ? ቆይ።

እነዚያ ጥናቶች ውስጥ በሮቦት የሠሩት ሰዎች ለማሽኑ አዲስ አልነበሩም። የእናንተ ሐኪም አዲስ ቢሆንስ? ይህ ቀዶ ጥገና ከምንም በላይ በድግግሞሽ የሚሰምር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2002 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፣ ሜዲኬር በሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን በሚታከሙ በሽተኞች ላይ፦ በዓመት ቢበዛ አንድ በሚሠሩ ሆስፒታሎች የሞቱት 20 ከመቶ ገደማ፣ በብዛት በሚሠሩት ግን 8 ገደማ። ዛሬ ቁጥሩ በሁለቱም ወርዷል፣ መልእክቱ ግን ያው ነው። ኔዘርላንዶች በዓመት ቢያንስ 20 የማይሠራ ሆስፒታል ጭራሽ እንዳይሠራ አድርገዋል፤ በበኩሌ ደግ አደረጉ። በካሜራ ሥራም ላይ አራት የአውሮፓ ሆስፒታሎች መዝገባቸውን ሲያዩ የስፌቱ መፍሰስ (ጨጓራውና ቧንቧው የተሰፉበት ቦታ ማፍሰሱ) ከ18.8 ወደ 4.5 ከመቶ የወረደው ከ119 ሰው በኋላ ነው። 119 ሰው! የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ቦታ ላይ አባትሽን አስቀምጪና አስቢው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሐሜት አይሁንብኝ። ሮቦቱ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፣ መሣሪያዎቹም ከተወሰነ ቀዶ ጥገና በኋላ ይጣላሉ። ሆስፒታል ይህን ያህል ከፍሎ ገዝቶ አቧራ አያስጠጣውም፣ መንገድ ዳር ማስታወቂያ ላይ ይሰቅለዋል። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ማሽኑ ነው። ሐኪሙ ስንት ሠርቷል የሚለው ግን አይጻፍም።

ስለዚህ ሁለቱም ቦታ ሂዱና በቀጥታ ጠይቁ። አታፍሪ፣ ጥያቄው ደንበኛ ነው፣ ጥሩ ሐኪም አይቀየምም። «ይህንኑ ቀዶ ጥገና፣ በዚሁ መንገድ፣ እርስዎ ራስዎ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ባለፈው ዓመትስ?» በይ። ሐኪሙ «በሮቦት ብዙ ሠርቻለሁ» ካለ የፕሮስቴትና የሐሞት ከረጢት ቁጥር እንዳይቀላቅልብሽ፣ የምግብ ቧንቧ ብቻ ነው የምትፈልጊው። ስንቱ ላይ ስፌቱ ፈሰሰ፣ ስንቱ የድምፅ ነርቩ ተነካ፣ ስንቱ በ90 ቀን ውስጥ ሞተ። ለማነጻጸሪያ ይህን ያዢ፦ በ14 አገር ባሉ 24 ትላልቅ ማዕከሎች ሲሰበሰብ የስፌት መፍሰስ 11.4 ከመቶ፣ በ30 ቀን ውስጥ ሞት 2.4 ከመቶ ነበር፣ አንድም ዓይነት ችግር የገጠማቸው ደግሞ 59 ከመቶ ናቸው። ይህ ከባድ ቀዶ ጥገና ነው፣ «ምንም ችግር ገጥሞን አያውቅም» የሚልሽን ሐኪም እኔ አላምነውም። ሌሊት ስፌቱ ቢፈስ ማን ነው የሚመጣው? ኢንዶስኮፒ የሚሠራ፣ ቱቦ የሚያስገባ ሰው እዚያው አለ ወይ? ይህንንም ጠይቂ፣ ከሮቦቱ በላይ ነፍስ የሚያድነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ፦ አንደኛው በሮቦት 15 ሠርቶ ሌላኛው በካሜራ 200 ከሠራ፣ ሳላቅማማ ወደ ካሜራው እሄዳለሁ። ሁለቱም እኩል ልምድ ካላቸው፣ ካንሰሩም ስኳመስና ደረት መሃል ስለሆነ፣ ሮቦቱን እመርጣለሁ፣ በዚያ ነርቭ ምክንያት። ካንሰሩ ታች ጨጓራ አፍ አካባቢ የሚገኘው አዴኖ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ግን እዚያ ነርቭ ጋ ይህን ያህል መታገል ስለማይጠይቅ የማሽኑ ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም ነበር።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ፣ ግን ሳልለው አላልፍም። ቀዶ ጥገናው አሁኑኑ የግድ ነው ወይ? በዚህ ዓይነት ካንሰር፣ አምስት ሳምንት ኬሞና ጨረር ከወሰዱት ውስጥ ግማሽ በሚጠጋው ሰው ቧንቧው ተቆርጦ ሲመረመር ካንሰር ጠፍቶ ይገኛል። ኔዘርላንዶች በዚህ ምክንያት ምልክት የጠፋላቸውን ሰዎች ሳይቀድዱ በኢንዶስኮፒ፣ በናሙናና በስካን እየተከታተሉ፣ ካንሰሩ ከተመለሰ ብቻ እየቀደዱ ሞከሩት። በሁለት ዓመት የመኖር ዕድላቸው ወዲያው ከተቀደዱት አላነሰም። ይህ ለሁሉም አይሆንም፣ ክትትሉ ጥብቅ ነው፣ ወደ አሰላ ተመልሰው የሚቀሩ ከሆነማ አይሞከርም። ግን ቧንቧው ዳግም ታይቶ ናሙና ተወስዷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልተወሰደ፣ ስለ ሮቦት መጨቃጨቁ ትንሽ ይቆይ።

እስከዚያው እቤት የምትሠሩት ሥራ አለ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬ፣ ነገ ሳይባል። በቀን ሁለቴ ይራመዱ፣ ሰፈር ዞረው ይመለሱ፣ ትንሽ እስኪያለከልኩ። በእስትንፋስ ኳስ የምታነሳዋን ፕላስቲክ መሣሪያ ከወዲሁ ስጧቸው፣ ከሰመመን ነቅተው ሲያሟቸው ሊማሯት አይችሉም። ክብደታቸውን በየሳምንቱ መዝኑ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ሾርባ። ጾም ላይ ከሆኑ ሐኪማቸው የሚለውን ይዛችሁ የሃይማኖት አባታቸውን አነጋግሩ፣ የታመመ ሰው መብላት አይከለከልም። ገንፎውም ሻይውም በረድ ይበል። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ይህን ካንሰር ሳያመጣ እንዳልቀረ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 ተናግሯል።

አሰላ ስትዪኝም አልገረመኝም። አርሲና ባሌ ይህ በሽታ የበዛበት አካባቢ ነው፤ ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርድ አንድ ረጅም መስመር አለ፣ በሽታው በዚያ ሁሉ በዝቶ ይታያል። አገር ቤት ሰው ሐኪም ጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ውሃ እንኳ አልወርድ ሲለው ነው፣ ያኔ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) አስገብቶ ቢያንስ እንዲውጥ ከማድረግ ሌላ ብዙም አይቀርም። አባባ ጊዜው ሳያልፍ ነው የመጡት። እንጀራው ሲተናነቃቸው «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው» ብለው ዝም አለማለታቸው ጠቅሟቸዋል። ሌላ ዘመድ ጠጣር ምግብ አልወርድ አለኝ ካለ ጌሾና ማር ሳይሞከር ኢንዶስኮፒ ይደረግለት።

ከተሠራላቸው በኋላ ስለሚመጣው ሁለት ነገር ብቻ። ጨጓራቸው ቱቦ ስለሆነ እንደ ዱሮው ትልቅ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው አይጠግቡም፤ በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ፣ ራስጌያቸው ከፍ ብሎ ይተኛሉ፣ በልተው ወዲያው ጋደም አይሉም። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» እያለ እንዳያጎርሳቸው አንቺ በር ላይ ቁሚ። ሁለተኛው ድምፃቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሻከር ቢል አትደንግጪ፣ የሰመመኑ ቱቦም ያሻክራል። ውሃ ሲጠጡ ትን እያላቸው ካስቸገረ ግን ነርሷን ጥሪ፣ መጠጡ ይቁምና የጉሮሮ ሐኪም ይያቸው።

የሁለቱን ሆስፒታል መልስ ጽፈሽ ያዢና ተመለሺ፣ ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን። የናሙናውን ነገር ግን ከሁሉ አስቀድመሽ ጠይቂ።